«ከዚያች ሴት ልጅ ጋር አንድ ወረቀት ላይ አልሰፍርም»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?

29 ዓመቴ ነው። ለገሃር አካባቢ ጫማ ቤት ውስጥ ሻጭ ነኝ። ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን።

አባዬ ወታደር ነበር። በ1991 ባድመ ግንባር ላይ ፈንጂ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ወሰደው። በቦርድ ተሰናብቶ ጡረታ ወጣ። ኋላም አዳማ ጥበቃ ሆኖ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ቅዳሜ ማታ ይመጣና ሰኞ ንጋት ላይ ይመለሳል፣ ያንን ሁሉ ደረጃ በክራንች እየወጣና እየወረደ። ያረፈው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ክራንቹ እስካሁን ከበሩ ኋላ ቆሟል። ማንም ሊያነሳው አልደፈረም።

እማዬ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። አባዬ በሕይወት እያለ እሱ በሚታከምበት ሆስፒታል በሱ ስም ትታከም ነበር። ከአርባው በኋላ ቀጠሮዋ ደርሶ ስንሄድ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ መታወቂያውን ገለባበጠና «ካርዱ የሳቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ የሉም» አለን። እማዬ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ ዞር አለች። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ማለፍ እንኳ አትፈልግም።

አሁን መድኃኒቱን ከግል ፋርማሲ የምገዛው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ጉድ አየሁ። ፍሪጃችን ከተበላሸ ቆይቷል፤ እማዬ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ስኒ ውስጥ አድርጋ ከውሃው እንስራ ሥር ታስቀምጠዋለች። በኔ ሂሳብ ብልቃጡ ካለቀ መሰንበት ነበረበት። ሳነሳው ግማሽ ድረስ አለ። ስጠይቃት «ለሁለት ወር ላድርሰው ብዬ ነው፣ ግማሽ ግማሽ እየወጋሁ» አለችኝ። ይህንን የነገረችኝ ቡና እየቆላች ነው፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንደሚያወራ ሰው።

የጡረታውን ጉዳይ ለምን እስካሁን አልጨረሳችሁም ይሉኝ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን አንዲት ሴት ከአዳማ መጣች። አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ይዛለች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ልጁን አይቶ ዝም አለ። የአባዬን ጆሮ ነው ያወጣው፣ ወደ ፊት ቀና ያለውን። እማዬ ተነስታ ለልጁ እንጀራ አቀረበችለት። ሴትዮዋን ግን ቀና ብላ አላየቻትም። ስለዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ከማናችንም ጋር አልተነጋገረችም።

ጡረታውን ባነሳንባት ቁጥር «ከዚያች ሴት ልጅ ጋር አንድ ወረቀት ላይ አልሰፍርም። የባሌን የደም ዋጋ ቆርሼ አላካፍልም» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ መላ አግኝቻለሁ ባይ ነው። «ልጆቹ እኛ ሁለታችን ብቻ ነን ብለን ወራሽነት እናውጣ። ከእድር ሁለት ምስክር ጨርሻለሁ፣ አንቺ ብቻ ፈርሚ» ይለኛል። ልጁ ከገባ የእማዬ ጡረታ ለሁለት ይከፈላል፣ ለመድኃኒት አይበቃትም ነው የሚለው። የአባዬ የባንክ ካርድም እሱ ጋ ነው።

አሜሪካ ያለችው አክስቴ በበኩሏ «እዚህ የወታደር ሚስት ባሏ ሲሞት ሕክምናዋን መንግሥት ይችላታል፣ እናንተ ጋ ምን አለ?» እያለች በየሳምንቱ ታበሽቀኛለች። ፍሪጅ ግን አልላከችም።

ምን ላድርግ እትዬ? ለእናቴ ስል ልዋሽ?

ሰ. ነኝ፣ ከልደታ

*

የኔ እህት ሰ.፣

ነፍሳቸውን ይማር። ከብልቃጡ ልጀምር። ሌላው ጉዳይ ሁሉ ሊያድር ይችላል፣ እሱ ግን አያድርም።

ኢንሱሊን እንደ በርበሬ ቆንጠር ተደርጎ አይቀነስም። መጠኑን በግማሽ ስትቀንሺው ስኳሩ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ እናትሽም ሳይታወቃቸው እየተዳከሙ ይሄዳሉ። ሌላም ነገር አለ። አንዴ የተከፈተ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለ28 ቀን ያህል ነው። ስለዚህ ለሁለት ወር ሲያደርሱት በሁለተኛው ወር የሚወጉት የደከመ መድኃኒት ነው፣ ያውም ግማሹን። ስኒዋንና እንስራዋን በተመለከተ ግን እናትሽን አደንቃለሁ። ፍሪጅ በሌለበት ቤት የተከፈተውን ብልቃጥ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ማቆየት ትክክል ነው። ያልተከፈተውን ግን ፍሪጅ ያላት ጎረቤት ጋ አስቀምጪው፣ በሩ በኩል፣ ከበረዶ ቤቱ ርቆ። በረዶ የመታው ኢንሱሊን ይጣላል።

የማያቋርጥ ጥማት፣ ማስታወክ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ከትንፋሽ የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል ሽታ፣ መፍዘዝ ካየሽ ማንንም ሳታማክሪ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ድንገተኛ ታካሚን ቅድሚያ ክፍያ አልከፈልሽም ብሎ መመለስ አይፈቀድም። ደረጃውን ማውረድ ካቃተሽ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አራተኛ ፎቅ መሆናችሁን ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ይህ ካልሆነ ነገ ጠዋት ወደ ወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ግማሽ ሲወጉ መክረማቸውን ለባለሙያው ሳትደብቁ ንገሩት፣ መጠኑን እሱ ያስተካክለዋል። በራሳችሁ ወደ ሙሉው አትመለሱ። ማዘዣውን ይዘሽ መጀመሪያ ከነማ መድኃኒት ቤት ጠይቂ፣ ከዚያ ቀይ መስቀልን። ስታዲየም አካባቢ ያለው ለሥራ ቦታሽ ቅርብ ነው። ከግል ፋርማሲው ጋር ዋጋውን አወዳድሪ። ልዩነቱ አንዳንዴ ያስገርማል፣ አንዳንዴ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ አይገኝም። ለዚህ ነው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተስፋ አታድርጊ የምልሽ።

አሁን ወደ ጡረታው እንምጣ።

ወንድምሽም እናትሽም አንድ ነገር ተሳስተዋል፣ ቤታችሁን ያመሰውም ይኸው ስህተት ይመስለኛል። ጡረታን እንደ ውርስ ቆጥረውታል። ውርስ አንድ ድፎ ዳቦ ነው፣ ሰው በበዛ ቁጥር ቁራሹ ያንሳል። የተተኪ ጡረታ ግን እንደዚያ አይሠራም። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ፣ ማለትም በ1267/2014፣ ወታደሩም ይካተታል። የሟች ሚስት የባሏን ጡረታ 50 በመቶ ታገኛለች። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ 20 በመቶ። ጠቅላላው ከመቶ እንዳያልፍ ነው ገደቡ።

ለስሌት ያህል አባትሽ በወር 6 ሺህ ብር ያገኙ ነበር እንበል። የእናትሽ 3 ሺህ ነው። የልጁ 1 ሺህ 200። አሁን ወንድምሽ እንደሚለው ልጁን ደብቃችሁ ሰረዛችሁት እንበል። የእናትሽ ስንት ሆነ? ያው 3 ሺህ። የልጁ 1 ሺህ 200 ወደ ማንም ኪስ አይገባም፣ እዚያው ፈንዱ ውስጥ ይቀራል። አንቺና ወንድምሽ ዕድሜያችሁ አልፏል፣ በዚህ የሚደርሳችሁ የለም።

እስቲ ይህንን በእርሳስ ወረቀት ላይ ጻፊና ለእናትሽ አሳያቸው። በቃል አትንገሪያቸው። የተጻፈ ቁጥር ሲያዩ ሌላ ነው። ያ ልጅ ከሳቸው ላይ አንዲት ብር አይነካም።

እንግዲህ መዋሸት አለብኝ ወይ ላልሽው መልሱ ይኸው ነው። ለማን ተብሎ ይዋሻል? ፍርድ ቤት ቀርቦ በሐሰት መመስከር ወንጀል ነው፣ ለምስክሮቹም ለአስመስካሪውም። በዚያ መንገድ የወጣ የወራሽነት ወረቀት ደግሞ ነገ የልጁ እናት የልደት ምስክር ወረቀት ይዛ ብትመጣ ይሰረዛል። አትፈርሚ።

ወንድምሽን ግን ቀስ ብለሽ አንድ ነገር ጠይቂው፤ «እውነት ያሳሰበህ ጡረታው ነው ወይስ ቤቱ?» ኮንዶሚኒየሙ በትዳር ውስጥ የተገኘ ከሆነ ግማሹ የእናትሽ ነው። የአባትሽ ግማሽ ወደ ልጆቻቸው ይሄዳል። በሕጋችን ከትዳር ውጪ የተወለደ ልጅ አባትነቱ ከተረጋገጠ ከሌሎቹ እኩል ይወርሳል። ይህ ከባድ ወሬ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የቤቱን ጭንቀት በእናታችሁ መድኃኒት ሸፍኖ ማምጣት ልክ አይደለም። የቤቱን ለሌላ ቀን፣ ለጠበቃ ተዉት። ጡረታው ከሱ ጋር አልታሰረም። ምናልባት እኔ ተጠራጣሪ ሆኜ ይሆናል። ወንድምሽ በእርግጥ ስሌቱ ተሳስቶበት ከሆነ ቁጥሩን ሲያይ ይቀዘቅዛል፣ አንቺም ያን ጊዜ ታውቂዋለሽ።

የባንክ ካርዱንም ያነሳሽው በአንድ መስመር ነው፣ እኔ ግን ዓይኔ ቀረበት። ከኅዳር ወዲህ በዚያ ካርድ የወጣ ገንዘብ አለ? ካለ ይቁም። በሟች ስም የተወሰደ ጡረታ ኋላ ይጠየቃል፣ ከእናትሽ ድርሻ ላይም ሊቆረጥ ይችላል። ማውጣታችሁ ካለ እናንተው ቀድማችሁ ተናገሩ።

ወረቀቶቹን ካሁኑ ሰብስቢ። የሞት ምስክር ወረቀት ከወረዳው የሲቪል ምዝገባ አውጥታችኋል? ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት፤ ካልተመዘገበ ዘግይቶም ይመዘገባል፣ ዛሬ ነገ አትበሉ። የአባትሽ የጡረታ መታወቂያ፣ የቦርድ ወረቀታቸው፣ የእናትሽ መታወቂያ፣ ፎቶ። ከሁሉም በላይ የጋብቻ ማስረጃ። እዚህ ላይ ብዙ የወታደር ሚስት ትቸገራለች። በሽማግሌ የተጋቡ፣ በተክሊል ሆኖም ወረቀቱ በስንት ቤት ለውጥ የጠፋባቸው ሞልተዋል። ወረቀት ከሌለ በባልና ሚስትነት መኖራቸውን ፍርድ ቤት በምስክር ያረጋግጣል። ወንድምሽ ያዘጋጃቸው ሁለት የእድር ሰዎች አሉ አይደል? ለዚህ ይምጡ። ስንት ዓመት አብረው ድንኳን የተከሉ ሰዎች ናቸው፣ የሚያውቁትን ይናገሩ።

ከዚያ ወደ መንግሥት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና፣ ሰው ሁሉ ጡረታ ቢሮ ወደሚለው። ሌላ የሚጠይቁሽ ነገር ካለ በወረቀት ጻፉልኝ በያቸው። አለዚያ ሦስት ጊዜ ትመላለሻለሽ። ሟቹ ስንት ልጅ አላቸው ብለው ከጠየቁሽ እውነቱን ተናገሪ። የልጁን መብት መከታተል ግን የናንተ ሥራ አይደለም፣ እናቱ አለችለት። እናትሽ ያቺን ሴት ቢሮ ድረስ ሄደው ማግኘትም ሆነ ማናገር አይጠበቅባቸውም። ውዝፍ ለመጠየቅ የጊዜ ገደብ ስላለው ማመልከቻውን ቶሎ አስገቡ፣ የጎደለው ወረቀት ኋላ ይሟላል።

ሕክምናው ሌላ በር ነው። ጡረታው ስለጀመረ ሕክምናው አብሮ ይከፈታል ብለሽ አትጠብቂ፣ ለየብቻ አንኳኪ።

የመጀመሪያው በር ያ ሆስፒታል ነው። የሟች ቤተሰብ ይታከማል አይታከምም የሚለውን የሚወስነው የበሩ ጥበቃ አይደለም! ሰውየው ምናልባት የተነገረውን ነው የተናገረው፣ አነጋገሩ ግን ጨው የለውም። እናትሽን አታስከትይ። አንቺ ብቻሽን ሂጂና አስተዳደሩን ወይም ማህበራዊ አገልግሎት ክፍሉን ጠይቂ። አባትሽ በግዳጅ ላይ ቆስለው በቦርድ የተሰናበቱ መሆናቸውን የሚያሳየውን ወረቀት ኮፒ አድርገሽ ያዢ። ጥያቄሽ አንድ ነው፤ በግዳጅ አካል ጉዳተኛ ሆኖ ያረፈ አባል ሚስት ምን ይገባታል? መልሱ ምንም ይሁን ምን በጽሑፍ ስጡኝ በይ። «አይገባትም» ቢሉሽ እንኳ ባዶ እጅሽን አትውጪ። የእናትሽን የሕክምና ታሪክ ማጠቃለያ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ለስንት ዓመት የተከታተሏቸው እነሱ ናቸው። ያ ወረቀት ጤና ጣቢያው ከዜሮ እንዳይጀምር ያደርጋል።

ሁለተኛው በር የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፣ ወረዳችሁ ያለው። በዓመት አንዴ የቤተሰብ መዋጮ ይከፈላል፣ ከዚያ ምርመራውም መድኃኒቱም በመድኑ ይሸፈናል። መክፈል ለማይችል መንግሥት ይከፍልለታል። ምዝገባውና እድሳቱ በዓመት ውስጥ የተወሰነ ጊዜ ስለሆነ መቼ እንደሚከፈት ዛሬውኑ ጠይቂ። የእናትሽን ሁኔታ እንዳለ ተናገሪ፣ ባል የሞተባቸው፣ ጡረታው ገና ያልተጀመረላቸው ብለሽ። አንድ ነገር ብቻ አትርሺ። መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ዘውዲቱ፣ ራስ ደስታ ወይም ሌላ ሆስፒታል ይሄዳል። ሪፈሩን ዘልሎ ጥቁር አንበሳ በር ላይ መገኘት ከኪስ መክፈልን ያመጣል።

አክስትሽን በተመለከተ፣ አባባላቸው ግማሹ ልክ ነው። አሜሪካ ቻምፕቪኤ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረ ፕሮግራም አለ። ነገር ግን ለወታደር ሚስት ሁሉ አይሰጥም። በአገልግሎት ምክንያት ሙሉና ዘላቂ አካል ጉዳት ለደረሰበት፣ ወይም በዚያው ለሞተ ሰው ሚስትና ልጆች ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከተፈቀደው የሕክምና ወጪ 75 በመቶውን ይከፍላል፣ ቀሪው ከታካሚዋ ነው። መበለቲቱ 55 ዓመት ሳይሞላት ብታገባ ይቋረጥባታል። እዚያም ፎርም ሞልታ፣ ጋብቻዋን አስረድታ፣ ጠብቃ ነው የምታገኘው። በሚቀጥለው ሲደውሉ ይህንን ንገሪያቸውና ወሬውን ወደ ፍሪጁ አዙሪው።

የመጨረሻውና ከባዱ እናትሽን ማናገሩ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ የተቆጡት በማን ነው? በልጁ አይመስለኝም። ማንም ሳያዛቸው ተነስተው እንጀራ ያቀረቡለት እሳቸው ናቸው። በሴትዮዋም ብቻ አይመስለኝም። እኛ አገር የሞተን ሰው መቆጣት ነውር ነው፣ ያውም እግሩን ለአገር የሰጠን። ስለዚህ ቁጣው መሄጃ ያጣና ፎርም ላይ ያርፋል። ቅዳሜ ማታ ደረጃውን በክራንች ሲወጡ እራት አሙቀው የጠበቁት ሴት ስንት ነገር ያስቡ ይሆን፣ አሁን?

እንዲናገሩ አታስገድጃቸው። ቡና ስታፈሉ ሁለታችሁ ብቻ በሆናችሁበት «እማዬ፣ በአባዬ ብትቆጪ አልፈርድብሽም» በያቸውና ዝም በይ። ቢያለቅሱ ያልቅሱ። ቢቆጡሽም ያልፋል። ስለ ጡረታ በዚያው ቀን አታንሺ። የእርሳሱን ወረቀት በማግስቱ አምጪው።

«የደም ዋጋ» የሚሉትን ቃልም አትከራከሪያቸው። የኔ እናትም ጡረታ መጠየቅ ልመና መስሏቸው ለስንት ጊዜ እምቢ ብለዋል። የገባቸው አንድ የሰፈራችን ጡረታ የወጡ ሻምበል «እትዬ፣ ይኼ ከሰውዬው ደሞዝ በየወሩ ሲቆረጥ የነበረ ነው፣ እርስዎ ሽሮ በልተው ያጠራቀሙት ነው» ሲሏቸው ነው። ለእናትሽ እንዲህ የሚላቸው ሰው ታውቂያለሽ? ካንቺ አፍ ባይሆን ይሻላል። የአባትሽ የጦር ጓደኛ ካለ፣ ወይም የንስሐ አባታቸው።

ለአለቃሽ ለሚቀጥለው ሳምንት የሁለት ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቂ፣ አንዱን ለሆስፒታሉ፣ አንዱን ለጡረታ ቢሮው። ወረቀት ሁሉ ከቤት ከመውጣቱ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ኢንሱሊኑ ግን ነገ ጠዋት ነው።